ከቤት ጠረጴዛ እስከ ሱቅ መስኮት፤ ስለ ፌልት የገና ጌጥና ስጦታ ንግድ

ፍራንክ ዉልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ በ1880 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ውስጥ በላንካስተር ከተማ ለነበረው ሱቁ ከጀርመን አገር የመጣ የገና ዛፍ ማጌጫ እንዲገዛ አንድ አስመጪ ቢለምነው፣ «ይህን ተሰባሪ ብልጭልጭ ነገር ማን ይገዛዋል» በሚል ሐሳብ እጅግ አመንትቶ ነበር ይባላል። ከብዙ ልመና በኋላ የ25 ዶላር ዕቃ ብቻ ተቀበለ። ዕቃውም በሁለት ቀን ውስጥ ተሸጦ አለቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ማጌጫ ከብርጭቆ የተሠራ ነበረ። በዚያው በ1880 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን፣ ጊንገን በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ከብርጭቆው ይልቅ ለቤት እጅ የሚቀርብ ሌላ የስጦታ ንግድ ተጀመረ። ይኸውም የፌልት ንግድ ነው።

ፌልት ማለት እንደ አቡጀዲ ወይም እንደ ካኪ ተፈትሎና ተሸምኖ የሚገኝ ጨርቅ አይደለም። የበግ ጠጕር በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ በእያንዳንዱ ጠጕር ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ጠጕሩም እየጠበቀና እየጠነከረ ሄዶ ተመልሶ የማይፈታ አንድ ወጥ ሉሕ ይሆናል። ጥበቡ እጅግ የቈየ ነው። በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ስፍራ ከበረዶ ውስጥ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ቈይቶ የተገኘው ፌልት ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይታያል፤ ቀለሙም እስካሁን አልጠፋም።

ለነጋዴ ሲታሰብ ግን የፌልት ትልቁ በጎነት ዕድሜው ሳይሆን በመቀስ ሲቈረጥ ጠርዙ አለመተርተሩ ነው። የማይተረተር ጨርቅ መቀምቀም አያሻውም፤ መቀምቀም የማያሻው ዕቃ ደግሞ የስፌት መኪናና የሰለጠነ ልብስ ሰፊ ሳይፈልግ ይሠራል። መቀስ፣ መርፌ፣ ክርና ብርሃን ያለው ጠረጴዛ ይበቃል። ኮከብ፣ ደወል፣ እርግብ፣ ወይም ጥድ በካርቶን ላይ ተሥሎ ይቈረጣል፤ በካርቶኑ ልክ ሁለት የፌልት ቁራጭ ይወጣል፤ ሁለቱ ተደርበው ዙሪያቸው በወፍራም ክር ከጠርዝ ጠርዝ በእጅ ይሰፋል፤ ጥቂት ክፍተት ሲቀር ባዘቶ ወይም የጠጕር ትርፍራፊ ይጠቀጠቅና ይዘጋል፤ ከአናቱ ላይ የሪባን ማንጠልጠያ ይያያዛል። በዚሁ አኳኋን የመርፌ መሰኪያ፣ የመነጽር ከረጢትና የሻይ ማንቆርቆሪያ ልብስ ለስጦታ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ትንሽ ሒሳብ አለ። 30 ሳንቲሜትር በ30 ሳንቲሜትር ከሆነ አንድ ሉሕ ላይ በየጎኑ 8 ሳንቲሜትር የሚሆን ቅርጽ ቢሣል 9 ቁራጭ ይወጣል፤ ለአንድ ጌጥ ሁለት ቁራጭ ስለሚያስፈልግ 4 ጌጥ ተሠርቶ አንድ ቁራጭ ይተርፋል፤ የሉሑም ዳርቻ ሳይጠቅም ይቀራል። ቅርጹ 7 ሳንቲሜትር ከግማሽ ቢሆን ግን ያው ሉሕ 16 ቁራጭ፣ ማለት 8 ጌጥ ይሰጣል። ግማሽ ሳንቲሜትር በመቀነሱ ምርቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በገበያ ላይ 8 ሳንቲሜትሩንና 7 ከግማሹን በዓይኑ ለይቶ ዋጋ የሚቀንስ ገዢ አይገኝም። ስለዚህ ናሙና ከመጽደቁ በፊት ማስመሪያ ይዞ ከሉሑ አጠገብ መቀመጥ የነጋዴው ሥራ እንጂ የሰፊዋ ሥራ አይደለም።

ወደ ጊንገን እንመለስ። ማርጋሬተ ሽታይፍ በ1847 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተወለደች። ገና በሕፃንነቷ በያዛት የፖሊዮ በሽታ ምክንያት እግሮቿ ሽባ ሆኑ፤ ቀኝ እጇም ደከመ። ሆኖም ስፌት ተማረች። የስፌት መኪናውን መዘውር በቀኝ እጇ ማዞር ስለተሳናት መኪናውን ገልብጣ አስቀምጣ በግራ እጇ ታዞረው ነበር። በ1877 ዓ.ም. የፌልት ልብስ መሸጫ ሱቅ ከፈተች፤ በከተማዋ የፌልት ፋብሪካ ስለነበረ፣ ባለቤቱም በጋብቻ የሚዛመዳት ስለሆነ፣ ጥሬ ዕቃ ከደጇ ታገኝ ነበር። በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. በታተመ አንድ የሴቶች መጽሔት ላይ የትንሽ ዝሆን ንድፍ አይታ፣ በንድፉ መሠረት ከፌልት ቈርጣ፣ ውስጡን በበግ ጠጕር ሞልታ የመርፌ መሰኪያ ሠራች። ለወዳጆቿም ሰጠች። ወዳጆቿ መርፌ ሊሰኩበት ሲያስቡ ልጆቻቸው ቀድመው መጫወቻ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቍጥሩ ይናገራል። በ1880 ዓ.ም. የተሸጡት ዝሆኖች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በ1886 ዓ.ም. ግን ከ5,000 በላይ ተሸጡ። በ1893 ዓ.ም. ድርጅቱ የፌልት መጫወቻ ፋብሪካ ተብሎ በንግድ መዝገብ ገባ። በዚያን ጊዜ በፋብሪካው የሚሠሩት አራት ሴቶች ሲሆኑ በየቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉት ደግሞ ወደ አሥር ይደርሱ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ከፋብሪካው የወጡት ድቦች ብቻ ወደ 974,000 ሲደርሱ፣ በፋብሪካው ውስጥ 400 ያህል፣ በየቤታቸው ደግሞ 1,800 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው ይህን ያህል ከሰፋ በኋላ እንኳ ከአምስት ሠራተኞች አራቱ ገደማ በቤታቸው የሚሠሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። የሌሎች ድርጅቶች አስመሳይ ዕቃ ሲበዛም ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ በእንስሶቹ ጆሮ ላይ የብረት አዝራር ተደረገባቸው፤ ያ አዝራር እስከ ዛሬ የድርጅቱ ምልክት ነው።

በዛሬው ዘመን በዚህ ሥራ ስሟ የሚነሣው የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ናት። በዚያ የሚኖሩ ሴቶች በየቤታቸውና በትንንሽ ሥራ ቤቶች የፌልት ኳስ በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ፣ በክር እየሰኩ፣ የገና ዛፍ ጌጥና የሕፃናት ጫማ እየሠሩ ወደ አውሮጳና ወደ አሜሪካ ይልካሉ። የሚገርመው ግን ኔፓል የተራራ አገር ሆና፣ በግም ሳይጠፋባት፣ ለዚህ ሥራ ከሚውለው ጠጕር ብዙውን የምታስመጣው ከኒውዚላንድ መሆኑ ነው። ምክንያቱ የጠጕሩ ዓይነት ነው። ደቃቅና ነጭ ጠጕር ቶሎ ይያያዛል፤ የተፈለገውንም ቀለም ይቀበላል። ሻካራና ጠቈር ያለ ጠጕር በዝግታ ይያያዛል፤ ቀይና አረንጓዴ ቀለምም አይወጣለትም።

ይህን ካወቅን በኋላ ስለ መንዝ በግ መናገር ይቀላል። የመንዝ ጠጕር ሻካራ ነው፤ ብዙውም ጥቁርና ቡናማ ነው። ባርኖስና ባና ሲሆን ብርድን የሚመክት ጸጋ ነው፤ ለቀይ የገና ኮከብ ግን አይመችም። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «ጠጕር በአገራችን ሞልቶ ሳለ ለምን ሉሕ ከውጭ እናመጣለን» ሲሉ የሚያነሡት ጥያቄ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነው። በቀለም ለሚያምረው ሥራ ሉሑን ማስመጣት ግድ ይሆናል። ነገር ግን የመንዝ ጠጕር በተፈጥሮ ቀለሙ በግ፣ አህያ፣ ጀበና፣ የእረኛ ካባ ሊሆን ይችላል፤ የልደት ታሪክም ያለ በግና ያለ እረኛ አይነገርም። ጥቁሩና ቡናማው በዚህ ጊዜ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ መለያ ይሆናል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ የውጭ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዛፉ ላይ ከሚሰቅለው መቶ ኛ የጥድ ቅርጽ ይልቅ አንድ ጀበና ቢያገኝ ዋጋ ሳይከራከር እንደሚገዛ መገመት አያስቸግርም።

በርካሽነት መወዳደር ግን ከንቱ ድካም ነው። የዓለም የገና ማጌጫ ትልቁ ክፍል ከቻይና፣ በተለይም ከዪዉ ከተማ ይወጣል፤ በአዲስ አበባ ሱቆች በታኅሣሥ የሚታየውም አብዛኛው ከዚያው የመጣ ነው። ከዚያ የሚመጣው ሉሕ ብዙ ጊዜ ከፖሊስተር ይሠራል እንጂ ከበግ ጠጕር አይደለም። ፖሊስተሩም በራሱ ነውር የለበትም፤ ለልጆች ሥራ ይበቃል፤ ብልም አይበላውም። ነውሩ በወረቀቱ ላይ «ሱፍ» ብሎ ጽፎ መሸጥ ነው። ከሉሑ አንዲት ክር ቈርጦ በእሳት ማየት ለአስመጪ በቂ ምርመራ ነው፤ የበግ ጠጕር እንደ ተቃጠለ ፀጕር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይንጠባጠብና እንደ ዶቃ ይጠነክራል።

በጉምሩክ በኩል ያለውን በአጭሩ ለመጥቀስ፣ የፌልት ሉሕ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መደብ በ56.02 ሥር፣ የተሠራው የገና ማጌጫ ደግሞ በ95.05 ሥር ይመደባል። መጫወቻ ሲሆን ወደ 95.03 ይሄዳል። ልዩነቱ የቀረጥ ብቻ አይደለም። በአውሮጳ ኅብረት ሕግ ለበዓል የሚሰቀል ማጌጫ ከመጫወቻ አይቈጠርም፤ ለሕፃን ተብሎ የሚሸጥ የፌልት በግ ግን የመጫወቻን ፈተና ማለፍ ይኖርበታል፤ ዓይን ተደርጎ የተሰፋው ቍልፍ ቢነቀልና ሕፃኑ ቢውጠው ጠያቂው ብዙ ነው። ዓይኑን በክር መጥለፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እጅ ዋጋ እንመጣለን። ብዙ ሰው ዋጋ ሲተምን ፌልቱን፣ ክሩንና ሪባኑን ቈጥሮ የሰፊዋን ጊዜ ይረሳዋል፤ ወይም በቤቷ ስለሆነች፣ ልጆቿንም እየጠበቀች ስለምትሠራ፣ ጊዜዋ ዋጋ እንደሌለው ያስባል። አንዲት ሴት አንዱን ጌጥ በ40 ደቂቃ ብትጨርስ በ8 ሰዓት 12 ጌጥ ይወጣታል። እንግዲህ ለአንድ ቀን የሚገባው ደመወዝ ለ12 ሲካፈል የአንዱ ጌጥ የእጅ ዋጋ ይታወቃል። በላዩ ጥልፍ ተጨምሮ ጊዜው ወደ 80 ደቂቃ ቢደርስ በቀን የሚወጣው 6 ብቻ ነው፤ የእጁም ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሳያሰላ ለውጭ ገዢ ዋጋ የሰጠ ላኪ፣ ትእዛዙ ሲበዛ ወይ ከራሱ ይከፍላል ወይ ከሰፊዋ ይቀንሳል። ከሰፊዋ ሲቀንስ ስፌቱ ይሳሳል፤ ስፌቱ ሲሳሳ ዕቃው ይመለሳል።

ከዚህም የባሰ ልማድ አለ፤ ይኸውም «ዕቃው ሲሸጥ እንከፍላለን» ማለት ነው። የገና ዕቃ ከገና ማግሥት ዋጋ የለውም። ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው ገበያውን ያላየችው፣ ቅርጹንም ያልመረጠችው ሴት ላይ ይወድቃል። ገበያ መገመት የነጋዴ ሙያ ስለሆነ ኪሳራውም የእርሱ መሆን አለበት። ሥራው ተመርምሮ በተረከቡበት ቀን መክፈል ነው የሚገባው።

ባለሱቆች ደግሞ የተሠራውን ዕቃ ብቻ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ አላቸው። ሁለት ሦስት ቀለም ቁራጭ ፌልት፣ መርፌ፣ ክር፣ ሪባንና የተሣለ ንድፍ በአንድ ፖስታ አድርጎ መሸጥ ይቻላል። ገዢዋ በቤቷ ከልጆቿ ጋር ሠርታ ስጦታ ታደርገዋለች። የጊንገኑ ዝሆንም የተወለደው ከመጽሔት ንድፍ መሆኑን አይዘነጉም።

ቀኑን በሚመለከት፣ የፈረንጆቹ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ይውላል፤ ከእኛው ገና 13 ቀን ይቀድማል። በአዲስ አበባ ያሉት የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ባዛራቸውን የሚያደርጉት ከዚያ ቀደም ብለው ነው፤ ስለዚህ ለአገር ውስጥ የሚሠራው ዕቃ በኅዳር መጀመሪያ ከሱቅ መድረስ አለበት። ለውጭ የሚላከው ግን ከዚህ እጅግ ይርቃል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን ማጌጫ የአውሮጳ ገዢዎች የሚመርጡት፣ በፍራንክፈርት በሚደረገው የማጌጫ ዕቃ ትርዒት፣ የእኛ ገና ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ናሙና በጥር ያልታየለት ላኪ ለዚያ ዓመት ቀርቷል። ዕቃው ራሱ በነሐሴ ታሽጎ ወደ ጅቡቲ ካልወረደ የገዢው ሱቅ መስኮት ከተዘጋጀ በኋላ ይደርሳል።

ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው። የበግ ጠጕር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት እንደያዘ በላስቲክ ከታሸገ በመርከብ ላይ ይሻግታል። ስለዚህ ዕቃው በሞቀ ቤት ውስጥ ደርቆ፣ ለሁለት ቀን ያህል ተዘርግቶ፣ ከዚያ በኋላ ይታሸጋል። ሳይሸጥ የቀረውም ከጥር በኋላ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተራግፎ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ኅዳር ቆርቆሮው ሲከፈት የሚገኘው ብል የበላው ኮከብ ነው።