በረዶው ሲሞቅ ለምን መንገድ ይዘጋል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ በረዶ ናዳ ነው። «እኛ ሀገር የሌለ ነገር ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

አጎቴ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነው። የገና ዕለት እደውላለሁ ብሎን ስንጠብቅ ስንጠብቅ ቀረ። የደወለው በማግስቱ ነው። ለካ ስኖኳልሚ የሚባለው ተራራ ላይ መንገድ ተዘግቶበት መኪናው ውስጥ ነው ያደረው። እናቴ ደንግጣ «ብርዱ ባሰ እንዴ?» አለችው። «ኧረ አይደለም እትዬ፣ የዘጉት እንዲያውም ስለሞቀ ነው» አላት። «ከሞቀማ ይቀልጣላ! ታዲያ ምን ያዘጋዋል?» ስትለው ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም ጥያቄውን ይዤ ወደ ሳይንስ መምህራችንና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

የነሱ በረዶ እንደኛ ቆርቆሮ ላይ ኳ ኳ የሚል ጠጠር አይደለም። እንደተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ ይወርድና ተራራው ላይ ሳይቀልጥ ለወራት ይቆያል። ዛሬ የጣለው በትናንቱ ላይ፣ የነገው በዛሬው ላይ እየሆነ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ይደራረባል። ችግሩ ሁሉም ንብርብር እኩል አይጠነክርም። ሰማዩ ጥርት ብሎ በጣም ሲበርድ አንዳንዱ ንብርብር እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ይሆናል፣ እርስ በርሱም አይያያዝም። በዚያ ላይ ሌላ ከባድ በረዶ ሲጫንበት ወጥመድ ሆነ ማለት ነው።

ይህንን ቤት ሞክሬዋለሁ። ትሪ ላይ ዱቄት ጠቅጥቄ፣ በላዩ ስኳር በትኜ፣ ከዚያ ውሃ ነካ ያደረግሁትን ዱቄት ደፋሁበትና ትሪውን ቀስ እያልኩ አዘነበልኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ስጨምር ግን የላይኛው በአንዴ እንደ ቂጣ ተገምሶ ወለሉ ላይ ወረደ። (ስኳሩን በተመለከተ ከእናቴ ጋር የነበረውን ጉዳይ አልጽፈውም።) እውነተኛው ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተራራ ላይ ነው። ፕሮትራክተር አውጥታችሁ እዩት። ከዚያ በላይ ገደል ከሆነ በረዶው ገና ሳይጠራቀም ይራገፋል።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ሞቃት ዝናብ ያዘለ ማዕበል ሲመጣ መጀመሪያ ቀላል በረዶ ይጥላል፣ አየሩ ሲሞቅ ከባድ እርጥብ በረዶ ይከተላል፣ ከዚያ ዝናብ። ቀላሉ ከታች፣ ከባዱ ከላይ ሆነ ማለት ነው። ዝናቡ ክብደት ይጨምራል፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ሰርጎ የያያዘውን ያላላል። ይቀልጣል ያለችው ልክ ናት፣ ግን ያን ሁሉ በረዶ ለማቅለጥ ብዙ ቀን ይፈጃል። ለመናድ ሰከንድ ይበቃዋል። መልሶ ሲበርድ ደግሞ እርጥቡ በረዶ ደርቆ ይጠነክራል፣ አደጋውም ይቀንሳል።

በዚያው ግዛት፣ በዋሽንግተን ተራሮች፣ የደረሰ ታሪክ አለ። ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ሁለት ባቡሮች በበረዶ ተይዘው ለቀናት ቆሙ። ከበላያቸው ያለው ተራራ ደኑ ቀደም ብሎ ተቃጥሎ ስለነበር በረዶውን የሚይዝ ዛፍ አልነበረም። ከዚያ ቅዝቃዜው ለቀቀና ዝናብና ነጎድጓድ መጣ። እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 1910 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተራራው ተናደ፣ ባቡሮቹንም ሰዎች እንደተኙ ወደ ሸለቆው ወረወራቸው። 96 ሰዎች ሞቱ። በኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1902 ነው፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ። እነዚያ ሰዎች ብርዱ ሲለቅ ደስ ብሏቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በዛሬ ጊዜ ናዳ የሚገድለው በብዛት ከመንገድ ርቀው ተራራ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ የሚጫወቱትን ነው። ብዙ ጊዜ ናዳውን የሚያስነሳው ራሱ ተጫዋቹ ወይም ጓደኛው ነው፣ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃል። በረዶው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር የተቀበረ ሰው እጁን እንኳን ማንቀሳቀስ አይችልም። ከ15 ደቂቃ በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚልክ ትንሽ ሬዲዮ፣ የሚታጠፍ ረጅም ዘንግና አካፋ ይዞ ይሄዳል። እርዳታ እስኪጠራ ጊዜ ስለሌለ የሚያወጡት አብረውት ያሉት ናቸው።

መኪና መንገድ ላይ ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። መንገዱን ይዘጉና በረዶውን ራሳቸው በፈንጂ ይንዱታል፣ ከዚያ ጠርገው ይከፍታሉ። አጎቴ ያደረውም ይሄን ሲጠብቅ ነው።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ባለፈው እሑድ አጎቴ ሲደውል ታዲያ «እንዴት ነህ?» እንኳን ሳትለው «ተራራው በረደ ወይስ ሞቀ?» አለችው።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል