ተከራይ ሲመጣ ምን ይጠየቃል?

መስከረም ሲጠባ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ፈላጊ ይበዛል። ከጎዛምን፣ ከስናንና ከማቻከል የገጠር ቀበሌዎች ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይመጣሉ፤ ተዛውሮ የመጣ መምህር አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው አለ። ሰርቪስ ክፍል የሚያከራይ ሰው በሩ ሲንኳኳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አገርህ ወዴት ነው?» ቀጥሎም «ባለ ትዳር ነህ?» ብሎ ነው። የሁለቱም መልስ ኪራዩ በጊዜው መከፈል አለመከፈሉን አይነግርም። ልጅ ይዛ ብቻዋን የምትኖር ሴት ግን በዚሁ ጥያቄ ደህና ቤት ታጣለች፤ ይህ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ይልቅ የተከራዩን መታወቂያ አይተው፣ የሚሠራበትን ጠይቀው ሲያበቁ «ቀድሞ የት ነበርክ? ለምን ለቀቅህ? አከራይህን ላነጋግር?» ይበሉ። አሁን ያለበት ቤት ባለቤት እንዲለቅለት ሲል ሊያሞግሰው ይችላልና፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ቢጠይቁ ይመረጣል።

ተማሪ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ክፍሉ ውስጥ የሚያድረው ልጁ ነው፤ ከፋዩ ግን አባቱ ወይም እናቱ ናቸው። 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወላጅ መጥቶ ይፈርም። ገበሬ ደግሞ የወር ደመወዝ የለውም፤ ገንዘብ እጁ የሚገባው እህል ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው። በጥቅምት የዘገየበትን አባት «የማይከፍል» ከማለት በፊት፣ የመክፈያውን ቀን ከአዝመራው ጋር አስማምቶ ውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል።

ከኪራዩ ይልቅ ጎረቤት የሚያጣላው ቆጣሪ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ክፍል ሲጠቀም «እንጀራ እዚሁ ትጋግራለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህ ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 እስከ 400 ያህል ባንዴ እንደ ማብራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋግርና ከቤተሰቡ ስንቅ የሚመጣለት ተማሪ እኩል ይክፈሉ ማለት ፍርድ አይደለም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ብርዱ ከሰል ያስመኛልና፣ ተከራዩ ማታ ምን እንደሚያነድም ይጠይቁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የነደደ ከሰል የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በቂ መስኮት የሌለውን ክፍል ማከራየት የአከራዩ ጥፋት ነው።

ተከራይም አከራዩን የመመዘን መብት አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመዋዋል በፊት ከተማ አስተዳደሩን መጠየቅ ይሻላል። አዋጁ የማይደርስበት ቦታ ቢሆንም ውሉን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ ምስክር አስፈርሞ፣ አንዱን ለተከራዩ መስጠት ነው። የበሩ ቁልፍ፣ የመስታወቱ ስንጥቅና በዕለቱ ቆጣሪው ላይ የተነበበው ቁጥር እዚያው ይጻፍ።