አምሃ ሬኮርድስ፦ ሕግ ተጥሶ የታተሙ ሸክላዎች

በ1940 ዓ.ም. የወጣ አንድ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውሳኔ ሸክላ ማሳተምንም ሆነ ከውጭ ማስመጣትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በዚህ መብት የሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ሌላው እንዳይሠራ ግን በሩ ተዘግቶ ቀረ። ዘፋኞቹም ቢሆኑ ነፃ ሰዎች አልነበሩም፤ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የምድር ጦር ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ደመወዝተኞች ነበሩ። የሚዘፍኑት በአለቃ ትእዛዝ፣ የሚለብሱት የደንብ ልብስ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ሰው የሚወደውን ድምፅ የሚሰማው በቲያትር ቤት፣ በክለብ ወይም በራዲዮ እንጂ ገዝቶ ቤቱ በማስገባት አልነበረም ማለት ይቻላል።

አቶ አምሃ እሸቴ ይህን ውሳኔ የተዳፈሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ወይም «በእኛ» ካልተባለ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ሐራምቤ የተባለ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ፈቃድ አልጠየቁም። የአለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» እና «ያ ታራ» ቀርጸው ማስተሩን ህንድ ላኩ፤ የታተመው ሸክላ ተመልሶ መጥቶ ተሸጠ። ሕጉ በወረቀት ላይ ቢኖርም እስር ቤት ያስገባቸው ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ፊሊፕስ በዚያው ገበያ ገባ፤ ኋላ ደግሞ የአሊ አብደላ ካይፋ ሙዚቃ ቤት ተከተለ። አንድ ወጣት ነጋዴ የከፈተውን በር የውጭ ኩባንያ ሳይቀር ተጠቀመበት።

የመጀመሪያው ዘፋኝ አለማየሁ መሆኑ የሚገርም አይደለም። የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ሆኖ ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚያበጥር፣ መድረክ ላይ እንደ ጄምስ ብራውን የሚጮህ ሰው ነበር። የአሜሪካን ሮክና ሶል ከራዲዮና ከሸክላ የለመደው ትውልድ የሚፈልገው አማርኛውን ሳይለቅ ጊታሩንና ሳክስፎኑን የሚያስጮህለት ዘፋኝ ነበር። አምሃ ሬኮርድስ የዚህ ትውልድ አታሚ ሆነ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሰይፉ ዮሐንስ፣ ተሾመ ምትኩ፣ ግርማ በየነ ሁሉም በዚህ ስም ስር አልፈዋል። ከተሾመ ጋር የተጫወተው ሶል ኤኮስ ከመንግሥት ተቋም ውጭ ሆኖ ሸክላ ያሳተመ የመጀመሪያው ባንድ እንደሆነ ይነገርለታል። ሙላቱ አስታጥቄም ከአሜሪካ ይዞት የተመለሰውን ኢትዮ ጃዝ በትልቅ ሸክላ ያወጣው እዚሁ ነው፤ በ1974 የታተመው የዚያ ሸክላ ስም «የካቲት» መሆኑ የአብዮቱን ጊዜ ይነግረናል።

ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት አምሃ ሬኮርድስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። በዚያ ዘመን፣ ሸክላ በካሴት እስከተተካበት እስከ 1978 አካባቢ፣ በአገሪቱ ከታተሙት ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎች ከአምስት አንዱ የአቶ አምሃ ነው ማለት ነው። በፋብሪካ ደረጃ ሲታይ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሱቅ ግን ብዙ።

ችግሩ እነዚህን 103 ሸክላዎች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ላይ ነው። ብዙዎቹ ላይ የታተሙበት ዓመት አልተጻፈም። መሃል ላይ ባለው ክብ ወረቀት የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስና የሸክላው ቁጥር አለ፤ አንዳንዴ የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም ይጨመራል፤ ከበሮ የመታው፣ ቤዝ የያዘው፣ ሳክስፎን የነፋው ማን እንደሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ሸክላ የሚመዘግብ ሰው ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። ቀጥሎ ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘነብልና የዘፈኑ ጭረት ካለቀበት እስከ ወረቀቱ ባለው ባዶ ቦታ ፋብሪካው የጫረውን ምልክት ያነባል፤ የመጀመሪያዎቹ ህንድ፣ የኋለኞቹ ሊባኖስና ግሪክ ስለታተሙ ምልክቱ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። የዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ፈረንጆቹ «1969» ብለው የጻፉት ዘፈን በእኛ 1961 ወይም 1962 ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው ወሩን ካላወቀ አንድ ዓመት ይስታል። በላቲን ፊደል የተጻፉት ስሞችም እንደ ጸሐፊው ስለሚለያዩ አንድ ዘፋኝ በሁለት ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። በዚህ ላይ የትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ ከአምስት ደቂቃ ያህል በላይ አይዝም። በክለብ የሚረዝመው ዘፈን ለሸክላ ሲባል ያጠረ ነው፤ የምንሰማው ቅጂ ሌሊቱን ሁሉ እንደነበረው አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ ገደለው፤ አቶ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ብሉ ናይል የተባለ ሬስቶራንት፣ በኋላም አይቤክስ የተባለ ክለብ ከፈቱ። ግርማ በየነም በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ከ60 በላይ ዘፈኖች ያቀናበረው ሰው ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ።

እነዚህን ሸክላዎች እንደ ታሪክ ሰነድ ቆጥሮ የተነሳው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ አዲስ አበባ መጣ፤ የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም ታተመ። ያ ሥራ በመጀመሪያ የካይፋ እንጂ የአምሃ አልነበረም። ቀጥሎ ከአቶ አምሃ ጋር ተስማምቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አወጣ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። የፊልም አዘጋጁ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ለፊልሙ «የከርሞ ሰው»ን፣ «ጉበልዬ»ንና «የግሌ ትዝታ»ን ሲጠቀም ዓለም ሙላቱን አወቀ፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው የራሳቸውን ዘፈን ሠሩበት። ግርማም በ2017 በሠላሳኛው ቅጽ፣ ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር፣ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ።

ፋልሴቶ የሠራው ሥራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ አምሃ ሬኮርድስ የምናውቀው ግማሹን አይሆንም። ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ሆኖም የሲዲ ስብስብ መዝገብ አይደለም። ስብስቡ በዘፋኝ ወይም በስልት ይመደባል፤ በአንድ ሸክላ ፊትና ጀርባ አብረው የወጡ ሁለት ዘፈኖች በተለያዩ ቅጾች ተለያይተው ይገኛሉ። ከሲዲዎቹ ጋር የሚመጡት ትናንሽ መጻሕፍትም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ለዚህ ሙዚቃ የተሰጠው «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ስም ደግሞ ዘመኑን በ1969 ጀምሮ በ1975 ያበቃ አስመስሎታል። ከዚያ በፊት የፖሊስና የክቡር ዘበኛ ባንዶች፣ ከዚያ በኋላም የካሴት ዘመን ዘፋኞች የሠሩት ወርቅ ካልሆነ ምን እንበለው?

የምዝገባው ጉዳይ የአድናቂ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ አታሚ የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው፤ ለግጥምና ዜማ ደራሲ ግን ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ስለዚህ ሸክላው መቼ እንደታተመና ዜማው የማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ከሌለ፣ መብቱ ያለፈውና ያላለፈው ተደባልቆ ቤተሰብ የሚገባውን ሊያጣ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ የአምሃ ሸክላዎች 50 ዓመታቸውን አልፈዋል። አቶ አምሃ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ አለማየሁ ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አርፈዋል፤ ጠይቀን የምንረዳቸው ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይሁን ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)፣ ወይም ሁለቱ ተባብረው፣ የ103ቱን ሸክላዎች ዝርዝር በግዕዝ ፊደል፣ በቁጥራቸው፣ በፊትና በጀርባቸው፣ ከተጫዋቾቹ ስም ጋር ያሳትሙ፤ ሌሎቹም ሙዚቃ ቤቶች ይከተሉ። አንባቢም በአባትዎ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ሸክላ ካለ፣ ቢቧጨርም አይጣሉት፤ የሁለቱንም ገጽ ወረቀት ፎቶ ያንሱ፣ ማን፣ መቼና ከየት እንደገዛው ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቀው ከፎቶው ጀርባ ይጻፉ።