«ተመላለሰ»፤ የአንድ ግስ አሠራር፣ ምንጭና ትርጕም በጅማና በአካባቢው የቡና ከተሞች

በአማርኛ ወዲያና ወዲህ መሄድን የሚያመለክቱ ግሶች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም መካከል «ተመላለሰ» የተባለው ግስ በአገልግሎቱ ስፋት የተለየ ስፍራ አለው። በጅማ ከተማና በአካባቢዋ በሚገኙት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ፣ ቃሉ ከእርሻ እስከ ገበያ፣ ከገበያም እስከ ዳኝነት አደባባይ ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን መመርመር ነው፤ አንደኛ የግሱን አሠራር፣ ሁለተኛ ምንጩን፣ ሦስተኛ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲተረጐም የሚደርሰውን የትርጕም ጕድለት።

የግሱ ሥር ሦስት ፊደል ነው፤ ይኸውም ም፣ ል፣ ስ ነው። ከዚህም «መለሰ» ይወጣል፤ መካከለኛው ፊደል ጠብቆ ይነበባል፤ ነገር ግን ጽሕፈታችን ይህን አያሳይም። መካከለኛው ፊደል ሲደገም «መላለሰ» ይሆናል፤ በመነሻው ላይ «ተ» ሲጨመርበት «ተመላለሰ»፣ «አ» ሲጨመርበት ደግሞ «አመላለሰ» ይሆናል። የሰዋስው መምህራን የመጀመሪያውን መልክ ተደራራጊ፣ የሁለተኛውን አደራራጊ ይሉታል። ተደራራጊ ግስ እንደ «ተነጋገሩ» ሁሉ በተለመደው አገባቡ ሁለት ወገኖችን ይፈልጋል። «ሁለቱ ቃል ተመላለሱ» ሲባል አንዱ የላከውን ሌላው ይመልሳል ማለት ነው፤ «ቃለ ምልልስ» የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። «ነጋዴው ተመላለሰ» ሲባል ግን ባለቤቱ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሁለቱን ወገኖች ስፍራ የሚይዙት የመንገዱ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንደኛው ጫፍ ሰውየውን ይልካል፣ ሁለተኛውም ይመልሰዋል።

ይህ ጠባይ ግሱን ከመሰሎቹ ይለየዋል። ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል እንጂ አይመላለስም፤ ሥሩ ከስፍራው አይነቀልምና። ያሰበ ሰው በግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል፤ እግሩ ወዲያና ወዲህ ቢልም የሚደርስበት ጉዳይ የለውም። ለመመላለስ ሁለት ጫፍና አንድ ጉዳይ ያስፈልጋል። የቡና ለቀማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም፤ ስለዚህ ቀዩን ብቻ የሚለቅም ሰው ወደዚያው ዛፍ መላልሶ ይሄዳል። ዛሬ የሐኪም ቤት «ተመላላሽ ታካሚ»፣ በቤት ውስጥ የማያድረውም «ተመላላሽ ሠራተኛ» መባላቸው ይህንኑ አሳብ ይከተላል።

ወደ ምንጩ ስንሄድ፣ ግዕዝ መመለስን በ«ገብአ» እና በ«ተመይጠ»፣ ቃል መመለስን በ«አውሥአ»፣ ወዲያና ወዲህ መመላለስን በ«አንሶሰወ» ይገልጻል፤ እያንዳንዱ አሳብ የየራሱ ግስ አለው። አማርኛ ግን ሦስቱን ከአንድ ሥር ያወጣል። ትግርኛም «መለሰ» ለመመለስና ለመልስ መስጠት ይሆናል፤ መልስንም «መልሲ» ይለዋል።

በጅማ የሚሰማው ኦሮምኛ ከዚህ ጋር የሚደንቅ ተመሳሳይነት አለው። «ዴቢኡ» መመለስ፣ «ዴቢሱ» መልሶ መስጠት ወይም ቃል መመለስ፣ «ዴቢ» መልስ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ሲደገም «ዴዴቢኡ»፣ ይኸውም መመላለስ ይሆናል። ዐረብኛም በበኩሉ ከ«ረደ»፣ መለሰ ከሚለው ግስ፣ «ተረደደ»፣ ተመላለሰ የሚለውን ያወጣል።

እነዚህ ቋንቋዎች ከተገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ የሒርማታ ገበያ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነበረበት ከጅሬን ተራራ ሥር ይውል ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ ሲራራ ነጋዴዎች በሊሙ እናርያ በሳቃና በጎጃም በባሶ መካከል ይመላለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1843 እናርያን ጐብኝቷል።

እንግዲህ አንዱ ቋንቋ ከሌላው ተበድሯል ማለት ይቻላልን? ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ ድግምትን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ከሚጋሯቸው ጠባዮች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ማውሮ ቶስኮ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የዚህን «የቋንቋ ክልል» መኖር ተከራክሯል። የዚህ ግስ ነገር ጥንቃቄን ያስተምራል። አማርኛ መካከለኛውን ፊደል ሲደግም ኦሮምኛ መነሻውን ይደግማል። አማርኛ እርስ በርስ መደራረግን በግሱ ውስጥ ሲያስገባ ኦሮምኛ «ወል» የሚለውን ቃል ለብቻው ያስቀድማል። ስለዚህ አሳቡ አንድ ሲሆን አሠራሩ የየቋንቋው ነው፤ ከአሳብ አንድነት ብቻም ብድር አይረጋገጥም።

ነገሩ ከመዝገበ ቃላት አልፎ ወደ ፍትሕ ይደርሳል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ባደረገ ጊዜ፣ አማርኛ የማያውቅ የጅማ ባላገር አቤቱታውን የሚያሰማው በአስተርጓሚ አፍ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ ባለጉዳዩ «ና ዴዴቢሳን» ቢል፣ ትክክለኛው ትርጕም «አመላለሱኝ» ነው። አስተርጓሚው «ተመላለስሁ» ብሎ ቢያቀርበው የመንገዱ ድካም በመዝገብ ይጻፋል፤ ያደከመው ሰው ግን ከመዝገቡ ይወጣል። በአማርኛ «አመላለሰ» ሁለት ፊት አለው፤ በቅሎ ጭነት ስታመላልስ አገልግሎት ነው፤ ሹም ባለጉዳይን ሲያመላልስ በደል ነው። ሁለቱን የሚለየው ተሳቢው ብቻ ነው።

ዛሬ በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛም የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆኖ ስለ ቀጠለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መተርጐም አልቀረም። በቀድሞው ዘመን መዛግብት ላይ የሚሠራ ተመራማሪም «ባለጉዳዩ ተመላለሰ» የሚል ቃል ሲያገኝ፣ ከተደራራጊው መልክ በስተኋላ አደራራጊ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባዋል። ግሱ ራሱ ሁለት ወገኖችን ይጠይቃልና፣ አንዱ ወገን ሳይታወቅ ትርጕሙ ተሟልቷል አይባልም።