ከኮርቻ በታች የተሰወረ ጣዖት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንመለከተው፥ እውነተኛ ንስሓ ጣዖትን ከቤት ሳያስወጡ የማይፈጸም መሆኑን ነው። ጣዖት የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራውን ምስል እናስባለንና፥ ነገሩ እኛን የማይመለከት ይመስለናል። የያዕቆብ ቤት ታሪክ ግን ከዚህ አሳብ ያነቃናል።

ራሔል ከአባቷ ከላባ ቤት በወጣች ጊዜ ጣዖቶቹን ሰርቃ ነበር። ላባ ተከትሎ ደርሶ ድንኳኖቹን ሁሉ ሲበረብር፥ ከግመል ኮርቻ በታች ሸሽጋ ተቀመጠችባቸው፤ ሊያገኛቸውም አልቻለም። ያዕቆብ ይህን አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር ታረቀ፤ በሴኬምም ለእግዚአብሔር መሠዊያ ሠራ። ወደ ቤቴል እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ ግን፥ በቤተ ሰቡ እጅ እንግዶች አማልክት ገና እንደ ነበሩ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 35 ተጽፎ እናገኛለን። እንግዲህ መሠዊያው በደጅ ቆሞ ሳለ ጣዖቱ በጓዳ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

በእኛስ ቤት ከኮርቻው በታች ያለው ምንድን ነው? አንዱ ታቦት ሲወጣ በዝማሬ ያጅባል፤ ልጁ በታመመ ጊዜ ግን በሌሊት ወደ ጠንቋይ ይሄዳል። ሁለተኛው ጾሙን ሳያጓድል ይጾማል፤ ነገር ግን በሐሰት ምስክር የወሰደውን የወንድሙን መሬት ያርሳል። ሦስተኛይቱ ለድኻ ትመጸውታለች፤ ከእኅቷ ጋር ግን ቂም ይዛ ለብዙ ዓመት አትነጋገርም። ሰው ከእግዚአብሔር ይልቅ የሚታመንበት፥ ተው ሲባልም የማይተወው ነገር ሁሉ ጣዖት ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፥ መጐምጀትን ከጣዖት አምልኮ ቈጥሮታል።

ያዕቆብ ቤተ ሰቡን ያዘዘው ሦስት ነገር ነው፤ አማልክቱን እንዲያስወግዱ፥ እንዲነጹ፥ ልብሳቸውንም እንዲለውጡ። ተራውን እናስተውል። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ነጭ ልብሱን ለብሶ ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፥ የፊተኛው ግን እንዳለ ይቀራል። እውነተኛው ንስሓ በማስወገድ ይጀምራል፤ ይኸውም መሬቱን መመለስ፥ የጠንቋዩን ደጅ መተው፥ ወደ እኅት ቤት ሄዶ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ከዚያም በንስሓ አባት ፊት ኀጢአትን ሳይሸሽጉና ሳያሳንሱ ተናዝዞ፥ ቀኖናን ተቀብሎ መፈጸም ይከተላል። የአዲስ ሕይወት ልብስ የሚለበሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወደ ሥጋ ወደሙም የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው።

ደግሞም የያዕቆብ ሰዎች አማልክቱን ብቻ ሳይሆን በጆሮአቸው የነበረውን ጉትቻ ጭምር አመጡ። ያዕቆብም አልሸጠውም፤ ለክፉ ቀን ይሆናል ብሎም አላስቀመጠውም። በሴኬም አጠገብ ከነበረው ዛፍ በታች ቀብሮ ጕዞውን ቀጠለ። ወደ ኀጢአት የሚመልሰውን ነገር ለነገ የሚያቈይ ሰው ገና አልተመለሰምና።

ምእመናን ሆይ፤ ላባ ድንኳኑን ሁሉ በረበረ እንጂ ራሔልን ከተቀመጠችበት አላስነሣትም። ካህኑም መንገዱን ያሳየናል እንጂ፥ እኛ ተቀምጠንበት የሸሸግነውን ፈልጎ ሊያወጣ አይችልም፤ ራሳችን ልንነሣ ይገባናል። ተነሥተን የተሰወረውን እንድናወጣ፥ ወደ ቤቱም በንጹሕ ልብ እንድንወጣ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።