ተጨማሪ መረጃ፦ ለገጠር ፋይበር የሚከፍለው ማነው?

የኢንተርኔት ፋይበር መዘርጋትን ውድ የሚያደርገው ገመዱ ሳይሆን ቁፋሮውና ምሰሶው ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ቤት የሚያገናኝ አንድ ኪሎ ሜትር መስመር፣ ገጠር ሲገባ ሁለት ሦስት ቤት ቢያገኝ ነው። የግል ኩባንያ ይህን አስልቶ ይተወዋል። ክፍተቱን ለመሙላት የአሜሪካ ኮንግረስ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ 42.45 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቢያንስ 100 ሚሊዮን። የማውረጃ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ25 ሜጋቢት ወይም የመጫኛው ከ3 ሜጋቢት በታች የሆነ ቤት «አገልግሎት ያልደረሰው» ተብሎ ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ ትልቁ ክርክር አገልግሎቱ የት እንደደረሰ በሚያሳየው ካርታ ላይ ነው፦ ካርታው «ደርሶታል» ያለው ቤት፣ እውነታው ሌላ ቢሆንም፣ ድጎማው ያልፈዋል። ዘርጊው ድርጅትም በአብዛኛው ከወጪው ሩቡን ማዋጣት አለበት።

መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነው። የ1936ቱ የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአነስተኛ ወለድ ብድር አመቻችቶ ነበር፤ ከእነዚህ ማኅበራት በርካቶቹ ዛሬ ፋይበሩን የሚሰቅሉት በዚያው የመብራት ምሰሷቸው ላይ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት በ2021ዱ ድጎማ ለፋይበር ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ አንስቶ ሳተላይትም እንዲወዳደር ፈቀደ። ሳተላይቱ ለጊዜው ይረክሳል፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ መተካት ሲኖርበት፣ ፋይበሩ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል።