ጉልበት ውስጥ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ቁርጥማትን ያድናል?

ጉለሌ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖሩት አክስቴ የጉልበት ቁርጥማት ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ በአንድ ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲብስባቸው፣ ሳይነግሩን በሰፈር መርፌ በመውጋት ወደሚታወቅ ሰው ሄዱ፡፡ ሰውየው «ፔኒሲሊኑ እዚያው ጉልበትዎ ውስጥ ከገባ ከሥሩ ይነቅለዋል» ብሎ ወጋቸው፡፡ በሦስተኛው ቀን ጉልበታቸው አብጦና ግሎ መቆም አቃታቸው፡፡ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ከመገጣጠሚያው መግል ተቀዳ፡፡

ለመሆኑ ይህ ሕክምና መሠረት አለው? መልሱ የለውም ነው፡፡ አርትራይተስ የምንለው የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው፡፡ አንዱ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ልስልስ ልባስ ሲያልቅ ይመጣል፡፡ ሌላው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚከሰተው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፡፡ ሪህ ደግሞ የዩሪክ አሲድ ጠጣር ቅንጣቶች ሲከማቹ ይነሳል፡፡ አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ በእነዚህ ሕመሞች ውስጥ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ የለም፡፡

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ይፋ የሆነ የ48 ሳምንታት ጥናት ሚኖሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ለሩማቶይድ ሕሙማን መጠነኛ ፋይዳ እንዳለው አሳይቷል፡፡ ነገር ግን መድኃኒቱ በአፍ የሚዋጥ እንጂ ጉልበት የሚወጋ አልነበረም፡፡ ዛሬ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ቦታውን ወስደዋል፡፡

መገጣጠሚያው በባክቴሪያ ሲመረዝስ? ያኔ አንቲባዮቲክ የግድ ነው፡፡ ቢሆንም በደም ሥር ሲሰጥ በበቂ መጠን ወደ መገጣጠሚያው ይደርሳል፤ መግሉም ይቀዳል፡፡ በቀጥታ ጉልበት ውስጥ መውጋት አያስፈልግም፤ እንዲያውም የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ሊያስቆጣ ይችላል፡፡ መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ያልነበረውን ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፡፡ ሐኪሞች ለአንዳንድ ሕሙማን መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጉት ስቴሮይድ ነው፤ እሱም ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም፡፡

ስህተቱ የመነጨው በየወሩ ከሚሰጠው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ይመስለኛል፡፡ በአገራችን ብዙ ልጆችና ወጣቶች ሩማቲክ ፊቨር ስለያዛቸው በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ይህን መርፌ ይወጋሉ፡፡ በሽታው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ ሲሆን መገጣጠሚያን አሳምሞ ያልፋል፤ የልብ ቫልቭን ግን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል፡፡ መርፌው የሚወጋው ጡንቻ ላይ ነው፤ ዓላማውም በሽታው እንዳያገረሽ በመከላከል ልብን ማዳን ነው፡፡ ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳታቋርጡት፡፡

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ነገ እንሄዳለን ማለት አይገባም፡፡ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላልና፡፡ አክስቴ ዛሬ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው፡፡